የፓሪስ የፋሽን ሥዕልና የልብስ ሙያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን

የፋሽን ሥዕል የሚባለው ዘመኑ የወደደውን ልብስ ለማሳየት ተሥሎና በብዛት ታትሞ የሚሸጥ ሥዕል ነው። የአንድን ሰው መልክ ለማስቀረት ከሚሣል ሥዕል የሚለየው በዓላማው ነው፤ እዚህ ዋናው ባለጉዳይ ልብሱ ነው። የቀሚሱ ቅድ፣ የጨርቁ ዓይነት፣ የሪባኑ አስተሳሰርና የባርኔጣው አቀማመጥ በግልጽ እንዲታዩ ሆነው ይሣላሉ። ከሥሩም ልብሱ ምን ተብሎ እንደሚጠራና ከምን እንደተሠራ የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይሰፍራል። ይህ ጥበብ እጅግ የላቀ ደረጃ ላይ የደረሰው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በፈረንሳይ፣ በተለይም በፓሪስ ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፋሽን ሥዕል በዚያ ዘመንና በዚያ ከተማ እንዲህ ያበበው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ምክንያቱ የሚገኘው በልብስ ሙያው ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ጨርቅ በጣም ውድ፣ የሰፊ ጉልበት ግን ርካሽ ነበር። ስለዚህ የአንድ ቀሚስ መሠረታዊ ቅድ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ሲቆይ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠው በላዩ የሚጨመረው ማስጌጫ ነበር። ዛሬ ሪባን፣ ነገ ዳንቴል፣ ከዚያ ደግሞ ላባና ሰው ሠራሽ አበባ ይመጣል። ይህን ፈጣን ለውጥ እየተከተለ ከከተማ ከተማ ለማድረስ ከታተመ ሥዕል የተሻለ መንገድ አልተገኘም። የፋሽን ሥዕልን በሚገባ ለመረዳት እንግዲህ የሠዓሊውንና የቅርጽ አውጪውን ሥራ ከሸማኔው፣ ከጥልፍ ሠሪው፣ ከልብስ ሰፊውና ከማስጌጫ ነጋዴዋ ሥራ ጋር አጣምሮ ማየት ያስፈልጋል።

ከአሻንጉሊት ወደ መጽሔት

ከታተመው ሥዕል በፊት የፓሪስን አለባበስ ወደ ሌሎች አገሮች ያደርሱ ከነበሩት ነገሮች አንዱ አሻንጉሊት ነው። «ፓንዶራ» በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ አሻንጉሊቶች የወቅቱን ልብስ ለብሰው፣ ፀጉራቸውም ተሠርቶ፣ ወደ ለንደንና ወደ ሌሎች የአውሮፓ ከተሞች ይላኩ ነበር። የየአገሩ ልብስ ሰፊዎች አሻንጉሊቷን ከፊትም ከኋላም እያገላበጡ ስፌቱንና ማስጌጫውን ያጠናሉ። ይሁን እንጂ አሻንጉሊት ማዘጋጀት ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ ደርሳም የምታገለግለው ለጥቂት ሰዎች ነው።

የታተመው ሥዕል ይህን ችግር ቀስ በቀስ ፈታ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪስ የሚኖሩ የቦናር ቤተሰብ አታሚዎች የመኳንንትን አለባበስ የሚያሳዩ ነጠላ ሥዕሎችን እያተሙ ይሸጡ ነበር። በ1672 የተመሠረተው «መርኪዩር ጋላን» የተባለው መጽሔትም በ1678 የልብስ ሥዕሎችን ከማብራሪያ ጋር አወጣ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1770 የተጀመረው «ሌዲስ ማጋዚን» ከጽሑፎቹ ጋር የጥልፍ ንድፍ አያይዞ ለአንባቢዎቹ ያቀርብ ነበር።

ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1778 ነው። በፓሪስ ሴን-ዣክ ጎዳና ላይ ሱቅ የነበራቸው ኤስኖ እና ራፒዪ የተባሉ ሁለት የሥዕል ነጋዴዎች «ጋለሪ ዴ ሞድ» የተሰኘውን ተከታታይ እትም ጀመሩ። እትሙ ስድስት ስድስት ሥዕል በያዙ ጥራዞች እየተከፋፈለ እስከ 1787 ድረስ ወጣ፤ በአጠቃላይም ከ400 በላይ ሥዕሎችን አካተተ። መጀመሪያ ላይ የቀረቡት በአብዛኛው የፀጉር አሠራርና የራስ መሸፈኛ ዓይነቶች ነበሩ፤ ቀጥሎ ሙሉ አለባበስ መጣ። ሠዓሊዎቹ ፒየር-ቶማ ለክሌር፣ ክሎድ-ሉዊ ደሬ፣ ኦጉስታን ደ ሳንቶባን እና ፍራንሷ ቫቶ በሙያቸው የታወቁ ነበሩ። ሥዕሎቻቸው ልብስ የሰቀሉ ግዑዝ ምስሎች አይደሉም፤ ሴቲቱ ስትራመድ፣ ደብዳቤ ስታነብ፣ ልጇን ስታቅፍ ወይም በመናፈሻ ውስጥ ዞር ብላ ስትመለከት ይታያል። ይህ አሣሣል ጨርቁ በእንቅስቃሴ ጊዜ እንዴት እንደሚወድቅና እንደሚታጠፍ ለማሳየት ረድቷል።

በኅዳር 1785 ደግሞ ፍራንሷ ቢዊሶን የተባለ መጽሐፍ ሻጭ «ካቢኔ ዴ ሞድ» የተባለውን መጽሔት አወጣ። መጽሔቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይወጣ ነበር፤ እያንዳንዱም እትም ስምንት ገጽ ጽሑፍና በእጅ የተቀቡ ሦስት ሥዕሎች ነበሩት። ከዚህ በፊት ሥዕል ፈላጊ ወደ ሱቅ ሄዶ የወደደውን ይገዛ ነበር። አሁን ግን በደንበኝነት የተመዘገበ ሰው በክፍለ ሀገር ከተማ ውስጥም ሆኖ አዲሱን ፋሽን ጊዜውን ጠብቆ ይቀበላል። ልብስ መቼ እንደሚያልፍበት በቀን መቁጠር የተጀመረውም በዚህ መልክ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1786፣ ፍሬድሪሽ ዩስቲን በርቱኽ በጀርመኗ ቫይማር ከተማ ተመሳሳይ መጽሔት መሠረተ፤ ያም እስከ 1827 ድረስ ቆየ።

አንድ ሥዕል ታትሞ እስኪሸጥ

የፋሽን ሥዕል የሚጀምረው በሠዓሊው እርሳስና ቀለም ቢሆንም፣ ወደ ሕዝብ የሚደርሰው በመዳብ ሰሌዳ አማካይነት ነው። ቅርጽ አውጪው በሚገባ የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ወስዶ በሰምና በሙጫ ድብልቅ ይቀባዋል፤ በሻማ ጭስም ያጠቁረዋል። ከዚያ የሠዓሊውን ንድፍ ወደ ሰሌዳው ያሻግርና በቀጭን መርፌ እየፋቀ መዳቡን ይገልጣል። ሰሌዳው አሲድ ሲነካው የተገለጠው መስመር ብቻ ይበላል፤ በሰም የተሸፈነው ሳይነካ ይቀራል። ጥልቅና ጥርት ያሉ መስመሮች ሲያስፈልጉ ደግሞ ስለታም የብረት መቅረጫ ይዞ መዳቡን በቀጥታ ይቆርጣል። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች የተሠሩት ሁለቱን ዘዴዎች በማጣመር ነው።

ለልብስ ሥዕል ይህ ሥራ ልዩ ችሎታ ይጠይቃል። ቅርጽ አውጪው ቀለም የለውም፤ ያለው መስመር ብቻ ነው። በመስመር ብቻ የሐርን አንጸባራቂነት፣ የስስ ጨርቅን ብርሃን አሳላፊነት፣ የፀጉራም ቆዳን ልስላሴ መለየት አለበት። ለሐር እጥፋት ረጃጅምና ተከታታይ መስመሮችን ይጠቀማል፤ ለስስ ጨርቅ መስመሮቹን ያራርቃል፤ ለዳንቴል ጥቃቅን ነጥቦችና ቀለበቶች ያበጃል። ሰሌዳው ላይ የሚቀረጸው ሁሉ በወረቀቱ ላይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ስለሚወጣ፣ ጽሑፉንም ጭምር ከቀኝ ወደ ግራ መቅረጽ ያስፈልጋል።

ቅርጹ ሲያልቅ ሰሌዳው በቀለም ይሞላና ገጹ ተጠርጎ ይጸዳል፤ ቀለሙ በተቦረቦሩት መስመሮች ውስጥ ብቻ ይቀራል። እርጥበት የነካው ወረቀት በላዩ ይነጠፍና በሁለት ጥቅል መዳመጫዎች መካከል ያልፋል። በብርቱ ጫና ምክንያት ወረቀቱ ቀለሙን ከመስመሮቹ ውስጥ ጎትቶ ያወጣል። በመጨረሻ ቀቢዎች፣ ብዙውን ጊዜ ሴቶች፣ አንድ የተቀባ ናሙና ፊታቸው አስቀምጠው እያንዳንዱን ወረቀት በውኃ ቀለም በእጃቸው ይቀባሉ። ዛሬ የአንድ ሥዕል ሁለት ቅጂዎች በሁለት ቤተ መዘክሮች ሲገኙ ቀሚሱ በአንዱ ሮዝ፣ በሌላው አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ድርና ማግ፦ የሊዮን ሐር

በሥዕሎቹ ላይ የሚታየው ውድ ጨርቅ በአብዛኛው የሚመጣው ከሊዮን ከተማ ነበር። ሊዮን በዚያን ዘመን የአውሮፓ የሐር ሽመና ዋና ማዕከል ነበረች። አበባና ቅጠል ያለበትን ሐር ለመሸመን ንድፍ አውጪው ሥዕሉን በመጀመሪያ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች በተከፋፈለ ወረቀት ላይ ይገለብጣል። እያንዳንዷ አራት ማዕዘን የትኛው የድር ክር ተነሥቶ ማጉ ከሥሩ እንደሚያልፍ ትናገራለች። ከዚያ ንድፉ ከሽመና ዕቃው ጋር በተያያዙ ብዙ ገመዶች ላይ ይታሰራል። ሸማኔው ማጉን ሲወረውር፣ ረዳቱ ከጎን ሆና ገመዶቹን በተራ ትስባለች። ይህ የረዳቶች ሥራ እጅግ አድካሚ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ነበሩ።

ንድፉ ሲወሳሰብ በአንድ ቀን የሚሸመነው ርዝመት በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ይሆናል። ጨርቁም ጠባብ ነው፤ ወርዱ በአብዛኛው ከግማሽ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ለአንድ ትልቅ ቀሚስ ብዙ ሜትር ያስፈልጋል፤ የቀሚሱም ዋጋ በአመዛኙ የጨርቁ ዋጋ ነው። ከሊዮን ንድፍ አውጪዎች ዝናው የገነነው ፊሊፕ ደ ላሳል (1723–1804) ነው። ላሳል ሠዓሊም፣ ሸማኔም፣ የፈጠራ ሰውም ነበር፤ ንድፍ የታሰረባቸው ገመዶች ከሽመና ዕቃው ተነሥተው በሌላ እንዲተኩ የሚያስችል መላ አበጅቷል። የሊዮን ነጋዴዎች በየጊዜው አዳዲስ ንድፍ ያወጡ ስለነበር፣ ሌሎች ከተሞች የቀደመውን ሲገለብጡ ሊዮን ወደ ቀጣዩ ተሸጋግራለች።

ቅድና ስፌት

የፓሪስ የልብስ ሙያ በማኅበራት የተከፋፈለና በጥብቅ ሕግ የሚተዳደር ነበር። የወንዶች ልብስ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሥራ ነው። እስከ 1675 ድረስ የሴቶችም ልብስ በሕግ የእነሱ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሴቶች ቀሚስ ሰፊዎች የራሳቸውን ማኅበር እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። ሆኖም በጠንካራ ዘንጎች የሚሠራው ኮርሴት ከወንዶቹ እጅ አልወጣም።

ልኬት የሚወሰደው ቁጥር ባለበት ሜትር አልነበረም። ልብስ ሰፊው ረጅም የወረቀት ቁራጭ ይዞ የደንበኛውን ትከሻ፣ ደረት፣ ክንድና ወገብ ይለካል፤ የደረሰበትንም ቦታ በመቀስ ቆረጥ እያደረገ ምልክት ያኖራል። አንድ ወረቀት የአንድ ሰው ልክ ነው። ይህ አሠራር ፍራንሷ-አሌክሳንድር ደ ጋርሶ በ1769 ባሳተመው የልብስ ሰፊ ሙያ መጽሐፍ ውስጥ ከነሥዕሉ ተገልጿል። መጽሐፉ የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሙያዎችን ሁሉ ለመመዝገብ ካዘጋጃቸው ተከታታይ ጥራዞች አንዱ ነው።

ቀሚስ ሰፊዋ ደግሞ ገበሩን በሴትየዋ ሰውነት ላይ አድርጋ እየቆነጠጠችና በስፒል እየያዘች ልክ ታስገባዋለች። ውዱ ሐር ከዚያ በኋላ በገበሩ ላይ ይነጠፋል። ሰፊዋ ሐሩን በተቻለ መጠን ሳትቆርጥ ትርፉን በሽንሽን ታጥፈዋለች፤ ሰፋ ያሉት ስፌቶችም ቶሎ የሚፈቱ ናቸው። ቀሚሱ ሲያረጅ ወይም ፋሽኑ ሲያልፍበት ተፈትቶ እንደገና እንዲሰፋ የታሰበ ነው። ብዙ ቀሚሶች ከእናት ወደ ልጅ ተላልፈው ሁለት ሦስት ጊዜ እንደገና ተሰፍተዋል።

በዘመኑ ከሁሉ የታወቀው «ሮብ አ ላ ፍራንሴዝ» የሚባለው የፈረንሳይ ቀሚስ ነው። ከአንገት ሥር የሚነሡ ሰፋፊ እጥፋቶች በጀርባው ላይ ሳይሰፉ እስከ መሬት ይወርዳሉ፤ ከፊት ክፍት ሆኖ የውስጡን ቀሚስ ያሳያል፤ ደረቱ ላይ ደግሞ ባለሦስት ማዕዘን ጌጠኛ ጨርቅ በስፒል ይያያዛል። የእንግሊዝ ቀሚስ የሚባለው ዓይነት የጀርባው እጥፋት እስከ ወገብ ተሰፍቶ ከሰውነት ጋር ይጣበቃል። በ1770ዎቹ የተወደደው «ፖሎኔዝ» ግን የውጭ ቀሚሱ በገመድ ወደ ላይ ተስቦ ከኋላ በሦስት ክፍል ይነፋል። ከሁሉም በታች ከዓሣ ነባሪ አፍ በሚገኝ ተጣጣፊ ዘንግ ወይም በሸምበቆ የተጠናከረ ኮርሴት ይለበሳል፤ በትላልቅ ልብሶች ጊዜም ቀሚሱን ከዳሌ ወደ ጎን የሚያሰፋ ክፈፍ ይታሰራል። ልብሱን በቦታው የሚይዘው በአብዛኛው ስፒል ነበር። «ኢንሲክሎፒዲ» የተባለው የዲድሮ መዝገበ እውቀት አንዲት ስፒል እስክትሠራ ድረስ 18 የሥራ ደረጃዎች እንደምታልፍ ጽፏል።

ጥልፍ

የወንዶች የክብር ልብስ ከሴቶቹ ባልተናነሰ ያጌጠ ነበር፤ ጌጡም ጥልፍ ነው። አሠራሩን በዝርዝር የጻፈው የንጉሡ የጥልፍ ንድፍ አውጪ ሻርል-ዠርማን ደ ሳንቶባን ነው፤ «የጥልፍ ሠሪ ጥበብ» የተሰኘው መጽሐፉ በ1770 ታተመ። እሱም ከ«ጋለሪ ዴ ሞድ» ሠዓሊዎች የአንዱ የኦጉስታን ወንድም ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ የልብሱ ጥበብና የሥዕሉ ጥበብ ተገናኝተዋል።

ንድፉ በመጀመሪያ በወረቀት ላይ ይሣልና መስመሩ በመርፌ ይበሳሳል። ወረቀቱ በጨርቁ ላይ ተነጥፎ የከሰል ወይም የጠመኔ ዱቄት ሲመታበት፣ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ነጠብጣብ ምልክት ይተዋል። ጨርቁ በእንጨት ክፈፍ ላይ ተወጥሮ በሐር ክር፣ በወርቅና በብር ክር፣ በሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ክብ ብረቶችና በመስተዋት ቁርጥራጭ ይጠለፋል። የካፖርቱ ጠርዝ፣ የኪሱ ክዳን፣ የእጅጌው ጫፍ፣ የቁልፉ መሸፈኛ ሁሉ ገና ጨርቁ ሳይቆረጥ ተለክቶ ይጠለፋል። ነጋዴው እንዲህ የተጠለፈውን ጨርቅ ሳይቆርጥ ይሸጣል፤ የገዢው ልብስ ሰፊ በልኩ ይቀደዋል። ያልተቆረጡ እንዲህ ያሉ ጨርቆች ዛሬም በቤተ መዘክሮች ይገኛሉ።

የማስጌጫ ነጋዴዎች

ልብስ ከተሰፋ በኋላ መልኩን የሚሰጡት «ማርሻንድ ደ ሞድ» የሚባሉት ሴት ነጋዴዎች ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ቀሚስ አይሰፉም፤ ሪባን፣ ዳንቴል፣ ስስ ጨርቅ፣ ላባና ሰው ሠራሽ አበባ እያጣመሩ ቀሚሱንና የራስ ጌጡን ያስውባሉ። በ1776 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ በመሪነትም ሮዝ በርታን ተሰየመች።

በርታን በ1747 በአቤቪል ከተማ ተወልዳ ወደ ፓሪስ መጣች፤ በሴንቶኖሬ ጎዳናም «ግራን ሞጎል» የሚባል ሱቅ ከፈተች። ከንግሥት ማሪ አንቷኔት ጋር ከተዋወቀች በኋላ ወደ ቬርሳይ እየተመላለሰች አዳዲስ ሥራዎቿን በግል ታሳያት ነበር፤ ከፈረንሳይም ውጭ ብዙ ደንበኞች ነበሯት። የዘመኑ ሰዎች በዋጋዋ ቢያማርሩም የእጇ ሥራ የሚታወቅ መለያ ሆነ። የልብስ ፈጣሪ ሰው በስሙ የሚፈለግበት ዘመን በእሷ ተጀመረ ማለት ይቻላል።

በ1770ዎቹ መጨረሻ የነበረው ከፍ ያለ የፀጉር አሠራርም የእነዚህ ነጋዴዎችና የፀጉር ሠሪዎች የጋራ ሥራ ነው። በሰኔ 1778 «ቤል ፑል» የተባለች የፈረንሳይ የጦር መርከብ ከእንግሊዝ መርከብ ጋር ተዋጋች፤ ብዙ ሳይቆይ በፀጉር ላይ ትንሽ መርከብ ተቀምጦ የሚታይበት ሥዕል በፓሪስ ተሸጠ። ማስጌጫ ወሬን በዚህ ፍጥነት ይከተል ነበር፤ የሥዕል ገበያውም የሚኖረው በዚህ ፍጥነት ነው።

ነጭ ቀሚስና አብዮት

በ1780ዎቹ ከባዱ ሐር ቦታውን ለቀላል የጥጥ ጨርቅ መልቀቅ ጀመረ። በ1783 ሠዓሊዋ ኤሊዛቤት ቪዤ ለብረን ማሪ አንቷኔትን ነጭ ስስ የጥጥ ቀሚስ አልብሳ የሣለችውን ሥዕል በፓሪስ ዓውደ ርእይ አቀረበች። ቀሚሱ ለሕዝብ የውስጥ ልብስ መስሎ ስለታየ ነቀፋው በረታ፤ ሥዕሉም ተነሥቶ ንግሥቲቱ ሐር ቀሚስ በለበሰችበት ሌላ ሥዕል ተተካ። ይሁን እንጂ ልብሱ በስሟ ተጠርቶ በፋሽን ሥዕሎች ተሰራጨ። በስፒልና በኮርሴት ፋንታ በገመድና በመቀነት የሚሰበሰብ በመሆኑ፣ ከሰፊዋም ከለባሿም የሚጠይቀው ድካም ያነሰ ነበር።

የ1789 አብዮት ደግሞ የሙያውን ሥርዓት ለወጠ። በ1791 ማኅበራቱ በሕግ ፈረሱ። የፓሪስ የፋሽን መጽሔቶች ስም እየለወጡ እስከ 1793 ቀጠሉ፤ ከዚያ ለጥቂት ዓመታት ተቋረጡ። በዚህ መካከል ኒኮላውስ ሃይደሎፍ በለንደን ከ1794 እስከ 1803 «ጋለሪ ኦቭ ፋሽን» የተባለውን እጅግ ያማረ ወርኃዊ እትም አወጣ፤ በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ ወርቅማና ብርማ ቀለም ተቀብቷል። በፓሪስም በ1797 «ዡርናል ዴ ዳም ኤ ዴ ሞድ» ተመሥርቶ እስከ 1839 ቆየ።

ሥዕሎቹ ምን ያስተምራሉ

የፋሽን ሥዕል እንደ ታሪክ ማስረጃ ሲነበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሚያሳየው ሰዎች ሊለብሱ የሚመኙትን እንጂ ሁልጊዜ የለበሱትን አይደለም፤ ሰውነቱ ከእውነተኛው ይረዝማል፣ ጨርቁም አይጨማደድም። እስከ ዛሬ የቆዩት ልብሶች ግን ከትናንሽ ቁራጮች ተቀጣጥለው መሰፋታቸውን፣ ተፈትተው መጠገናቸውን፣ ላብና ቀለም መያዛቸውን ያሳያሉ። በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር የሚገኘው የባርባራ ጆንሰን አልበም ሁለቱን ያገናኛል፤ ይህች እንግሊዛዊት ከ1746 እስከ 1823 ድረስ የገዛችውን ጨርቅ ሁሉ ናሙና እየለጠፈች፣ ዋጋውን እየጻፈች፣ ከዘመኑ የኪስ ማስታወሻዎች የተቆረጡ የፋሽን ሥዕሎችንም አብራ አኑራለች። በዚያ አልበም ውስጥ የታተመው ምኞትና በገንዘብ የተገዛው ጨርቅ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ስለዚህ ተመራማሪዎችና የመድረክ ልብስ አዘጋጆች ሥዕሉን፣ እንደ ጋርሶና እንደ ሳንቶባን ያሉትን የሙያ መጻሕፍት፣ በቤተ መዘክር ያለውንም ልብስ አንድ ላይ አድርገው ያጠናሉ። ሥዕሉ ልብሱ በቁመና ላይ እንዴት እንዲታይ ይፈለግ እንደነበረ ይነግራቸዋል፤ መጽሐፉ አሠራሩን ያስረዳል፤ የስፌቱ ክር ደግሞ በእውነት ምን እንደተደረገ ይመሰክራል። የ18ኛው ክፍለ ዘመን አለባበስ ሙሉ ሆኖ የሚታወቀው ሦስቱ ሲገናኙ ነው።